ጠሪና ተጠሪ፦ የዛር ፈረስ በጌም ዓይን

ቂሊንጦ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ማረሚያ ቤቱን ነው። የአቃቂ ቃሊቲው ሰፈር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም መቀመጫ ነው፤ ሶፍትዌር ምህንድስና ይሰጥበታል። ከተማሪዎቹ አንዱ ነገ ተነሥቶ ምናባዊ የሚና ጌም ልሥራ ቢል፣ ፍጡር የሚጠራ ገጸ ባሕርይ ለመቅረጽ ከየት ይጀምራል? ቅርቡ ያለው ከውጭ የመጣው ልማድ ነው። እኔ ግን የአገሩን ትውፊት ቢያገላብጥ የጌሙ ዋና ሕግ ተገልብጦ ያገኘዋል እላለሁ፦ በጌም ሰው መንፈሱን ይጠራል፣ በዛር ደግሞ መንፈሱ ሰውን ይመርጣል።

የውጭው ሕግ ግልጽ ነው። በ2000 በወጣው ዲያብሎ 2 በተሰኘው ጌም ሙታን ጠሪው ኔክሮማንሰር ከወደቀ ጠላት ሬሳ ላይ አጽም ያስነሣል። አጽሙ ስም የለውም፣ ቂም የለውም፣ ደመወዝ አይጠይቅም። ስካይሪም (2011) ላይ የተጠራው የእሳት ፍጡር 60 ሰከንድ ተዋግቶ ይከስማል። የሚከፈለው ማና የሚሉት የአስማት ኃይል ነው፤ ማናው ደግሞ ትንሽ ሲጠብቁት ተመልሶ ይሞላል። እንዲህ ያለ ጠሪ አዛዥ እንጂ ባለዕዳ አይደለም።

አሁን ወደ ጎንደር እንሻገር። ከዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ጋር የመጣው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ባለዛር ወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት እየተመላለሰ ያየውን በ1958 በመጽሐፍ አሳተመ። ወይዘሮዋ የነበራቸው ዛር አንድ ብቻ አልነበረም። የዛሮች ፆታ፣ ማዕረግና ጠባይ ለየቅል ነው፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ መነኩሴ፣ አንዷ አገልጋይ። እያንዳንዱ ሲመጣ የራሱን ፉከራ ይፎክራል፣ የሚወደውን ልብስ ይጠይቃል፣ ግብሩም የታወቀ ነው፦ መልኩ የተለየ ዶሮ ወይም በግ፣ ቡና፣ ሽቶ። ሌሪስ ይህን ስብስብ ሰው እንደየሁኔታው እያወጣ ከሚለብሳቸው ማንነቶች ቁም ሣጥን ጋር ያመሳስለዋል።

ተጫዋች ይህን ቢሰማ «ቢልድ» ይለዋል፣ ነጥብ እያደሉ ገጸ ባሕርይን መገንባት ማለት ነው፤ ከእውነቱም አይርቅም። ልዩነቱ ነጥቡን የሚያድለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ዛር ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ አለዚያም በሕመም ይገባል፣ ግብሩ ሲጓደል ደግሞ ያሳምማል። የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» ይባላል፤ ጋላቢው ሌላ ነው። ለጌሙ የሚሆን አፈ ታሪክም አለው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲል ቆንጆዎቹን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁት ተደብቀው እንዲቀሩ ተፈረደባቸውና ዛር ሆኑ ይባላል። (ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሁሉ የአጋንንት ሥራ ብላ ታወግዛለች። ለታመመው ሰውም ጨዋታ አይደለም፤ ጌም ሠሪው ይህን ቢዘነጋ ሥራው ማላገጥ ይሆናል።)

ቀስ በቀስ የሚገነባ ችሎታን ለማየት ደግሞ ከቆሎ ተማሪ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ይኬዳል፤ በእግር፣ ቁራሽ እየለመኑ። አንዱን መንገድ የመረጠ ሌላውን ለዓመታት ያዘገያል። ሁሉን ያዳረሰው «አራት ዓይና» ተብሎ የሚጠራውም ብርቅ ስለሆነ ነው። ዲያብሎ 2 መጀመሪያ ላይ ይህን ጠባይ ነበረው፤ አንዴ የተሰጠ ነጥብ አይመለስም ነበር። በ2010 የወጣው ማሻሻያ ነጥብን አስመልሶ እንደገና ማደል ፈቀደ። በ2023ቱ ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ መቶ ወርቅ ከፍሎ ራስን እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል። ይህ ለተጫዋች ይመቻል፤ ምርጫን ግን እርካሽ አድርጎታል ባይ ነኝ።

ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣው ደብተራ ክታብ ሲጽፍ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆርጣል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙንም በጸሎቱ መካከል ያስገባል። ለሌላ ሰው ተብሎ የተጻፈውን ክታብ አንሥቶ መታጠቅ እንግዲህ ትርጉም የለውም፤ ጌም ውስጥ ከሞተ ጠላት ላይ ማንኛውንም ሰይፍ አንሥቶ መሄድ የለመደ ተጫዋች እዚህ ይቸገራል። የክታቡ ጽሑፍ አቅጣጫም ልብ ይባል። አውሮፓውያኑ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሰሎሞን ስም ባጠናቀሩት የአስማት መጽሐፍ 72 መናፍስት ከነመጥሪያቸው ተዘርዝረዋል፤ ብዙ ጌሞች የአጋንንት ስም የቀዱት ከዚያ ነው። በግእዙ መርበብተ ሰሎሞን ግን ያው ንጉሥ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ይይዛቸዋል፤ ጸሎቱ የሚነበበውም እንዲርቁ ነው። ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን ያሸነፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክም የሚጻፈው ለዚሁ ነው።

«ታዲያ ጋኔን ጎታቹስ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ እሱ ጠሪ ነው፤ ይህ ክርክሬን ያጠበዋል እንጂ አያፈርሰውም። በሰው ወሬ ውስጥ ጋኔን ጎታች የሚፈራና የሚታማ ነው፤ ድግምቱን ያበላሸ አብዷል ይባላል። ማናው አይሞላም ማለት ነው።

ለቂሊንጦው ሠሪ ከባዱ ሥራ ተጫዋች መሪውን ሲነጠቅ እንዳይሰለች ማድረግ ነው። በ2016 የወጣው የካሜሩኑ ኦሪዮን የአፍሪካን ትውፊት ለፍልሚያ ኃይል አውሎ አሳይቷል፤ እዚያም ቢሆን ግን ኃይሉን የሚያዘው ጀግናው ነው። ይበልጥ የሚቀርበን የጃፓኑ ሺን ሜጋሚ ቴንሴይ ነው፤ ተጫዋቹ ከጋኔኑ ጋር ተነጋግሮ፣ ተደራድሮ ጓዱ ያደርገዋል። ባለዛር ቤትም ድርድር አለ። ስምህ ማነው? ምን ትሻለህ? ይባላል፤ ዛሩ ይመልሳል፣ ግብሩ ይቆረጣል። የጃፓኑ ተጫዋች የሚደራደረው ገና ያልያዘውን ለመያዝ ነው፤ የጎንደሯ ሴት ግን አስቀድሞ ከያዛት ጋር የምትኖርበትን ውል ነው የምትዋዋለው። የኛ ጌም የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዚህ ውል ቢጀምር፣ ገጸ ባሕርይ መምረጫ የሚባለው ገጽ ጭራሹን አያስፈልገውም።