ታሪክ የሌላት ከተማ? የካሙ አልጀርስና የባሕር ዳርቻዎቿ

አልቤር ካሙ በ1947 (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ያለፈ ታሪክ ለሌላቸው ከተሞች አጭር መምሪያ» የተባለች የጥቂት ገጽ መጣጥፍ ጻፈ። መጣጥፏ ቀልድም ቁም ነገርም ያላት የጎብኚ መምሪያ ናት፤ አልጀርስን፣ ኦራንንና ኮንስታንቲንን ለማየት የሚሄድ ሰው ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ ትነግራለች። አልጀርስ የደረሰ ጎብኚ ጠዋት ወደቡ ዘንድ በከሰል የተጠበሰ ትኩስ ዓሣ ይብላ። በአንዲት ትንሽ ቡና ቤት ተቀምጦ የዐረብ ሙዚቃ ያዳምጥ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በመንግሥት አደባባይ ከዱክ ኦርሌያን ሐውልት ግርጌ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ለዱኩ ክብር ብሎ አይደለም፣ ሰው የሚያልፍበት ደስ የሚል ቦታ ስለሆነ ነው። ምሳውን ደግሞ ፓዶቫኒ በሚባለው፣ ባሕር ዳር በምሰሶዎች ላይ በቆመው ዳንስ ቤት ይብላ።

መምሪያዪቱ ዛሬም ስትነበብ ታስጎመጃለች። ጎብኚውን ወደ ሙዚየም አትልከውም፤ ወደ ባሕሩ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ሰው መሀል ትልከዋለች። ርእሷ ላይ ያለው ቃል ግን ይጎረብጣል። እነዚህ ከተሞች ያለፈ ታሪክ የላቸውም፤ ለስሜት እንጂ ለሐሳብ የሚሆን ነገር አይሰጡም ይላል ካሙ። ታሪክ ያጣው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለካሙ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ፀሐይና ባሕር ፍለጋ ወደ ሰው ሀገር ሄዶ «እንዴት ያለ ውብ ቦታ ነው!» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ ይመለከተዋል።

አስቀድሞ ግን ደስታው እውነተኛ መሆኑን መመስከር ይገባል። ካሙ በአልጀርስ ባሕር ዳር የተዝናና ሀብታም አይደለም። በ1913 ተወለደ፤ ያደገው ቤልኩር በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ በ1914 በማርን ውጊያ ቆስሎ ሞተ። እናቱ ጆሮዋ በደንብ የማይሰማ፣ ማንበብ የማትችል፣ የሰው ቤት እያጸዳች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። እሱን ደግሞ በ17 ዓመቱ የሳምባ ነቀርሳ ያዘው፤ በረኛ ሆኖ ይጫወትበት ከነበረው የእግር ኳስ ሜዳም አወጣው። እንዲህ ላለ ልጅ ባሕሩ ማንም ዋጋ የማይጠይቅበት፣ ገንዘብ ያለውና የሌለው እኩል የሚጠልቁበት ሀብት ነበር። ሞት በጧት የጎበኘው ሰው ስለ ፀሐይ ሲጽፍ፣ ፀሐይዋ ነገ ላትገኝ እንደምትችል ሰው አድርጎ ነው የሚጽፈው።

ይህ ስሜት ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በ1938 አልጀርስ ውስጥ በታተመችው «ሠርግ» በተባለችው ትንሽ መድበል ነው። የመጀመሪያው መጣጥፍ አንባቢውን ከአልጀርስ በስተ ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ቲፓዛ ይወስደዋል። ቲፓዛ የፊንቄ ነጋዴዎች ያረፉባት፣ ሮማውያን የገነቧት፣ ፍርስራሿ እስከ ባሕሩ አፋፍ የወረደ የጠረፍ ከተማ ናት። ድርሰቱ የአንድ ቀን ውሎ ነው፦ በአውቶቡስ መድረስ፣ በፍርስራሹ መሀል መራመድ፣ ባሕር ውስጥ መግባት፣ ከዋና በኋላ ጭማቂው አገጭ ላይ እስኪወርድ ኮክ መግመጥ። ከሁሉ በፊት አንባቢውን የሚቀበለው ሽታ ነው፤ ፀሐይ ያጋለው የአሪቲ ሽታ። አሪቲን ቡና ሲፈላ ከተጎዘጎዘው ቄጤማ አጠገብ የሚያውቅ አንባቢ፣ ይህን ገጽ ከብዙ ፈረንሳዊ አንባቢ ይልቅ በአፍንጫው ያነበዋል። ካሙ በዚህ ድርሰት የሚሳካለት ቦታውን ስለማይተርክ ነው። አካሉ የነካውን ብቻ ይነግራል፤ ድንጋዩ ይሞቃል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጨው ቆዳ ላይ ይደርቃል። የሰማዕቷ የቅድስት ሳልሳ ባሲሊካ እንኳን ባሕሩ አሻግሮ የሚታይበት መስኮት ሆና ታልፋለች።

እዚህ ላይ ችግሩም አብሮ ይጀምራል። በዚያው መድበል ውስጥ ያለው «በጋ በአልጀርስ» የተሰኘው መጣጥፍ ወደቡ ውስጥ የሚዋኙትን ወጣቶች ያሳያል። ቆዳቸው በበጋው መጀመሪያ ነጭ እንደ ነበረ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ በመጨረሻም ጠይም እንደሚሆን በሠዓሊ ዓይን ይከታተላል። ከዚያም አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ፣ ከውሃው ወለል ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ የመዳብ መልክ ያላቸው ገላዎች በነጭ ዳራ ላይ እንደ ተቀረጸ ምስል ይዘረጋሉ። ነጩ ዳራ ምንድን ነው? የዐረቦቹ ከተማ፣ ካዝባ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ የሚኖሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ጠባብ ደረጃዎቹ፣ ምንጮቹ፣ መስጊዶቹ ሁሉ ለዋናተኞቹ ገላ ማድመቂያ ሆነዋል። ዐረፍተ ነገሩ ውብ ነው፤ ውበቱ ግን አንድን ሕዝብ ወደ ግድግዳ ቀለም በመለወጥ የተገኘ ነው።

«ያለፈ ታሪክ የላትም» የሚለው ቃልም የዚሁ አስተያየት ልጅ ነው። መምሪያዪቱ ጎብኚውን የምታስቀምጥበትን አደባባይ ብቻ እንመልከት። ፈረንሳውያን በ1830 አልጀርስን ከያዙ በኋላ የታችኛውን ካዝባ ቤቶችና መስጊዶች አፍርሰው የሠሩት ሜዳ ነው። በፈረስ የተቀመጠው ዱክ ኦርሌያን አልጄሪያን ለማስገበር በተደረገው ዘመቻ የተሳተፈ መስፍን ነው። ከአደባባዩ አጠገብ ያለው የከቻዋ መስጊድ በቅኝ ግዛቱ ዘመን ካቴድራል ተደርጎ ነበር፤ በ1962 ነጻነት ሲመጣ እንደገና መስጊድ ሆነ። ሐውልቱም ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ፤ አደባባዩም የሰማዕታት አደባባይ ተባለ። በኋላ በዚያው ሥር የምድር ባቡር ጣቢያ ሊሠራ ሲቆፈር ከኦቶማን ዘመን እስከ ሮማውያኑ ኢኮሲየም ድረስ የተደራረበ ከተማ ወጣ፤ ፈረንሳውያን ያፈረሱት የአስ-ሰይዳ መስጊድ መሠረትም ከመካከሉ ተገኘ። ጣቢያው በ2018 ሥራ ጀመረ። የካሙ ጎብኚ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተዝናንቶ የተቀመጠው ከ2000 ዓመት ታሪክ በላይ ነበር።

መምሪያዪቱ ራሷም ምስክር ናት። ከምትመክራቸው ቦታዎች አንዱ የዐረቦች መካነ መቃብር ነው፤ ጎብኚው እዚያ ሰላምና ውበት እንዲያገኝ፣ ከአውሮፓውያኑ አስቀያሚ መቃብሮችም ጋር እንዲያነጻጽር ትጋብዘዋለች። ታሪክ የላትም የተባለች ከተማ፣ ለጎብኚ ዕረፍት የሚሆን የአያት ቅድመ አያት መቃብር ግን አላት ማለት ነው። ካሙ እዚህ ጋ ቆም ብሎ ቢሆን ኖሮ ርእሱን ራሱ ይሰርዘው ነበር።

አላወቀም ማለት አይቻልም። በ1939 በካቢሊያ ተራሮች ስለሚራበው ሕዝብ በአልጀርስ ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ዘገባ የጻፈው፣ የሥራ ክፍያውንና የእህል እደላውን እየቆጠረ አስተዳደሩን የወቀሰው ይኸው ሰው ነው። በግንቦት 1945 በሴቲፍና በጌልማ ብዙ አልጄሪያውያን ከተጨፈጨፉ በኋላም ፓሪስ ሆኖ ስለ አልጄሪያ ደጋግሞ ጽፏል። መምሪያዪቱ የተጻፈችው ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይታ ነው። ጋዜጠኛው ካሙ የሚያየውን ሰው፣ ባሕር ዳር ያለው ካሙ አያየውም። በመምሪያዪቱ ውስጥም ከአልጄሪያ ጋር ያለው ፍቅር አጥርቶ እንዳያያት እንደሚከለክለው ያምናል። ይህ እምነት ሐቀኛ ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በፍቅር ላይ ይጥላል።

የተሻለው ማብራሪያ ከሞተ በኋላ የመጣው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ካሙ ጃንዋሪ 4 ቀን 1960 በመኪና አደጋ ሲሞት አብሮት የነበረው ያላለቀ ረቂቅ በ1994 «የመጀመሪያው ሰው» በሚል ርእስ ታተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን የአባቱን መቃብር ሊያይ ሄዶ፣ ከመቃብሩ በታች ያለው አባት አሁን ከእሱ ከልጁ በዕድሜ እንደሚያንስ ይረዳል። በቤቱ የሚተረክለት ነገር የለም፤ እናቱ ጥቂት ነው የምታስታውሰው፤ ድሆች ያለፈውን ለማስቀመጥ ጊዜም ቦታም የላቸውም። እዚህ ላይ የ1947ቱ ርእስ ይፈታል። ታሪክ ያጣው ካሙ ነው። ከባሕር ማዶ መጥተው በዚያ ምድር ላይ ትውልድ ሳይቆጥሩ የሚሞቱት የእሱ ዓይነት ድሃ ሰፋሪዎች ናቸው። የራሱን ባዶነት ወስዶ ለከተማዪቱ ሰጣት። ስለ ራሱ ቢናገረው እውነት የሚሆነው ነገር፣ ስለ አልጀርስ ሲነገር ሐሰት ሆነ።

ልቦለዱ «ባዳው» ይህን ስሕተት እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። በ1942 በወጣው በዚህ መጽሐፍ ሜርሶ እናቱን በቀበረ ማግስት ወደቡ ላይ ዋኝቶ ከማሪ ጋር ይወዳጃል፤ በሌላ እሑድ ደግሞ ከአልጀርስ ወጣ ብሎ ባለ የባሕር ዳርቻ፣ ከጓደኛ ቤት ምሳ በልቶ፣ በጠራራ ፀሐይ አንድ ዐረብ ይገድላል። የሟቹ ስም በመጽሐፉ ሁሉ አይገኝም። ነጭ ዳራ የነበረው ሕዝብ እዚህ ሥጋ ለብሶ አሸዋው ላይ ተኛ፤ ስም ግን አላገኘም። አልጄሪያዊው ደራሲ ካሜል ዳውድ በ2013 ባሳተመው ልቦለድ ለሟቹ ሙሳ የሚል ስም፣ ሃሩን የሚባል ወንድምና የምታለቅስ እናት ሰጠው። የዳውድ ሥራ ጥንካሬ ካሙን ሳይጠላ መመለሱ ነው፤ ያንኑ የባሕር ዳርቻ ቀብር የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለበት ወገን ያሳየናል።

ካሙ ራሱ ስሕተቱን አልፎ የሚሄድበት አንድ ድርሰት አለ። «ወደ ቲፓዛ መመለስ» የሚለው በ1954 በታተመው «በጋ» በተሰኘው መድበል ውስጥ ይገኛል። የወጣትነት ቦታውን ሊያይ ሲመለስ ፍርስራሹ በእሾህ ሽቦ ታጥሮ፣ መግቢያው ተወስኖ፣ ዘበኛ ቆሞበት ያገኘዋል። አልጀርስም ላይ ለቀናት ዝናብ ይዘንባል። ብርሃኑ በመጨረሻ ይመለሳል፤ ግን ዋጋ የተከፈለበት ብርሃን ነው። በዚህ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕር ዳርቻው ያለፈ ነገር አለው፦ ጦርነት፣ ዕድሜ፣ አጥር። ድርሰቱ ከ«ሠርግ» የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሆኖም ሽቦው የሚያስታውሰው የአውሮፓን ጦርነት ነው፤ የቲፓዛ ገበሬ ስለ አጥሩ ምን እንደሚል አንባቢው አይሰማም። መድበሉ በታተመበት ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ሰው ክርክር አይደለም። በአማርኛ ወግ ውስጥም አንዲት ፀሐያማ የጠረፍ ከተማ አለች፤ ምጽዋ። ከአስመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት፣ ሙቀቷ የሚያቃጥል፣ ዓሣዋ የሚጣፍጥ፣ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ፎቶግራፍ የተነሡባት ከተማ። በዋሽንግተንም በፍራንክፈርትም ያ ፎቶግራፍ ሲወጣ የሚተረከው ስለ ዋናው፣ ስለ ቢራውና ስለ ወጣትነቱ ነው፤ ከ1993 ወዲህ ደግሞ «ባሕራችን» የሚለው ቁጭት ይጨመርበታል። ኦቶማኖች በ1557 የያዟት፣ ግብፆች ያስተዳደሯት፣ ጣሊያኖች በ1885 የገቡባት፣ በ1990ው ጦርነት የፈራረሰች ከተማ መሆኗ፣ ትግረና ዐረብኛ የሚናገሩት ነዋሪዎቿም ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ ይቀራሉ። ናፍቆቱ ውሸት አይደለም፤ የካሙ ደስታም ውሸት አልነበረም። ሁለቱም ግን ባሕሩን ያስታውሱና ባለቤቱን ይረሳሉ። የጠፋን ባሕር የሚያለቅስ ሰው፣ ባሕሩ አጠገብ የቀረውን ሰው ስም ማወቁ ከፖለቲካው ክርክር በፊት የሚቀድም ጨዋነት ነው።

ካሙን ትቶ ስለ ፀሐይ መጻፍ ግን ድህነት ነው። የቲፓዛን ጠዋት የሚተካከል ገጽ ብዙ አይገኝም። የሚሻለው አነባበቡን ማስተካከል ነው፦ «ሠርግ»ን ለገላ ደስታ፣ የ1939ኙን የካቢሊያ ዘገባ በዚያው ወቅት ከኮረብታው ጀርባ ስለ ነበረው ረኃብ፣ «የመጀመሪያው ሰው»ን ስለ ባዶነቱ ምንጭ፣ ዳውድን ስለ ስሙ። አራቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው አልጀርስ ቢሄድ ዓሣውን ከመብላት፣ ባሕሩም ውስጥ ከመግባት የሚከለክለው የለም። አደባባዩ ላይ ሲቀመጥ ግን ከምን በላይ እንደተቀመጠ ያውቃል።