ስንኙን ማን ይስጥ?

ወጣቱ የአባቶቹን ቀረርቶ ያሰማ ሲባል እኔም አጨብጫቢ ነኝ። ቅር የሚለኝ አደራረጋችን ነው። የኪነት መድረካችን መተማን ሲያነሳ ጎፈር አስደፍቶ ያስፎክራል፤ ታሪኩን ግን ይዘለዋል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እኮ ድርቡሽ ሊሸነፍ ሲል አፄ ዮሐንስ በጥይት ተመቱ፤ በማግስቱ አረፉ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ታዲያ ይህ ያለ እንጉርጉሮ፣ በፉከራ ብቻ ይዘለቃል?

ደግሞስ ግጥም በቃል ማስጠናት ምን ይባላል! ማሲንቆ ባለበት ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ከደጋ ወርዶ በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚያርመው ልጅ ስለ ሐሩሩ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ምንዳው የሚለው አያጣም። እስቲ በሚቀጥለው የኪነት ምሽት ስንኙን እሱ ይስጥ።