ንፍፊቱና እግሩ፦ የአነደዱ ጥናት ሲመረመር

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠራ ባለሙያ እንግዳ ያልሆነ ሕመምተኛ አለ። ብርድ ብርድ እያለው፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በዘመድ ተደግፎ ይመጣል። ምን እንደሚያመው ሲጠየቅ «ምች መታኝ፤ ንፍፊትም ወጣብኝ» ይላል። መርማሪው ብሽሽቱን ሲዳስስ ያበጠና ሲነኩት የሚያም ዕጢ ያገኛል። የወባ ምርመራ ይታዘዛል፤ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ይጻፋል፤ ሕመምተኛውም ይሰናበታል። በጨርቅ የተጠቀለለውን እግር ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈታው አይገኝም። ባለቤቱም ስለሚያፍርበት «እዩልኝ» አይልም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ደጋ በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ ትል አይኖርም። በአካባቢው የሚታየው የእግር ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በሚመላለሰው ገበሬ ላይ የሚደርስ ሥር የሰደደ ብግነት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የደብረ ኤልያስና የደንበጫ ወረዳዎች ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው በዚህ ሕመም መያዛቸውን አሳይቷል።

ዕጢው የዚህ በሽታ ታሪክ ዋና ምስክር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የተወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎችን አስመርምሮ ሲሊካንና አሉሚኒየምን የያዙ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች አገኘ። ይበልጥ የሚያስገርመው ቅንጣቶቹ እግራቸው ባላበጠ ሰዎች ዕጢ ውስጥም መገኘታቸው ነው። ስለዚህ አፈሩ ብቻውን በሽታውን አያመጣም። ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከወላይታ በተሰበሰቡ ናሙናዎች የተሠራ ጥናት በሽታው የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ከሚመሩ የኤች.ኤል.ኤ. ዘረ መሎች ጋር ዝምድና እንዳለው አመለከተ። በአንድ ማሳ ላይ ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንደኛው ብቻ የሚታመምበት ምክንያት በዚህ በኩል ይታያል።

ትኩሳቱና ንፍፊቱ በአንድ ላይ የሚነሡበት ሁኔታ አጣዳፊ የቆዳ፣ የሊምፍ ቱቦና የሊምፍ ዕጢ ብግነት ይባላል። እግሩ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፤ ሕመምተኛውም ለቀናት ከአልጋ ይውላል። በዚህ ላይ በአገራችን ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ክብደት ያለው በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ነው። 696 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፈሉ። 350ዎቹ እግርን በሳሙና ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተ እንክብካቤ ወዲያው ጀመሩ፤ 346ቱ ይህንኑ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። በዓመቱ ውስጥ በአንድ ሰው ላይ የተነሣው ሕመም በመጀመሪያው ቡድን 19.4 ጊዜ፣ በሁለተኛው 23.9 ጊዜ ሆነ።

ጥናቱን የሚጠቅሱ ሰዎች የሚያነሡት ቅናሹን፣ ማለትም 19 በመቶውን ነው። ቅናሹ እውነተኛ ነው፤ በዕጣ የተገኘ በመሆኑም በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀሪው ቁጥር ከቅናሹ ይልቅ ብዙ ይናገራል። እንክብካቤ ያላገኘው ሰው በየ15 ቀኑ ሲወድቅ ያገኘው በየ19 ቀኑ ይወድቃል። ለአንድ አራሽ ይህ የአራት ቀን ልዩነት ዋጋ አለው፤ ሆኖም ሁለቱም በሽተኞች ናቸው። ሕመምተኞች ያለፈውን በማስታወስ ብቻ በመለሱባቸው ቀደምት ጥናቶች የተገኘው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። «ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተነሣብህ?» ተብሎ በተመላላሽ ክፍል የሚጠየቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ምን ያህል እንደሚታመን ከዚህ መገመት ይቻላል።

የጥናቱ ደካማ ጎን ከዚሁ ጥንካሬው ጋር የተያያዘ ነው። የተቆጠረው ሕመምተኛው እጅ ላይ በነበረ የማስታወሻ ደብተር ነው። ሳሙናና ፋሻ የተሰጠው ሰው መታከሙን ያውቃል፤ ተራ የሚጠብቀውም መጠበቁን ያውቃል፤ ይህን መሸሸግ አይቻልም። የታከመው ውለታ እንዳይዘነጋ ብሎ ቁጥሩን አሳንሶ ይሆናል፤ ስለ ሕመሙ በመማሩ ድሮ የማይቆጥረውን ቀላል ሕመም ጨምሮም ይሆናል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ የእንክብካቤው ጥቅም ከተዘገበው ይበልጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደብተሩ ጊዜውን እንጂ ንፍፊቱን አለመያዙ ነው፤ ዕጢው በየሕመሙ መሐል ይሟሽሽ ወይስ እንዳበጠ ይቆይ እንደነበር ከውጤቱ ማወቅ አይቻልም። ያለማቋረጥ የሚያብጥ ዕጢ ፈሳሽን ማሳለፍ እየተሳነው ሲሄድ እግሩ እንደሚብስ የሚያስብ ሐኪም የሚፈልገው ግን ይህንኑ መረጃ ነበር።

ክኒኑስ? እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ የብሪታኒያና የአየርላንድ ጥናት ተደጋጋሚ የእግር ቆዳ ብግነት ለነበረባቸው ሰዎች ለ12 ወር ዝቅተኛ መጠን ያለው ፔኒሲሊን ሰጥቶ ነበር። ሕመሙ የተመለሰባቸው 22 በመቶ ሲሆኑ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ግን 37 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ጥቅሙ እየጠፋ ሄደ። የአነደድ ሕመምተኛ የእግሩ ጣቶች መሐል ተሰነጣጥቆ፣ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ያርሳል፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሌባ ማባረር ብቻውን የትም አያደርስም። አጣዳፊው ሕመም ሲነሣ ፀረ ባክቴሪያ መስጠት ተገቢ መሆኑ አያጠራጥርም። ስሕተቱ የዚያን ዕለት ሕክምና በክኒኑ መጨረስ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል በዝሆኔ እግር ላይ የወጣ ንፍፊት ሁሉ የዝሆኔው ነው ማለት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ዕጢን በሚያጠቁበት አገር፣ ትኩሳቱ ከበረደ ከሳምንታት በኋላም ያልሟሸሸ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ወይም መግል የያዘ ዕጢ በመርፌ ተወስዶ መመርመር አለበት። የመራቢያ አካል ቁስል ይፈለጋል፤ የቆዳ መደንዘዝም ይፈተሻል፤ ምክንያቱም የሥጋ ደዌም እግርን ያሳብጣል። አንዳንድ ቤተ ሰብ ንፍፊቱን በምላጭ ያስበጣል። ይህ የተጎዳውን የሊምፍ መንገድ ይበልጥ የሚያበላሽና አዲስ የቁስል በር የሚከፍት ስለሆነ ባለሙያው በግልጽ ሊከለክለው ይገባል።

ከአነደድ በኋላ የሚሠራ ጥናት ከደብተሩ ጎን የሚዳስስ እጅ ያስፈልገዋል፤ በየወሩ ሁለቱን ብሽሽት የሚለካ፣ የእግር ጣቶችን መሐል የሚመለከት፣ ሳሙናው ያለቀበትን ቀን የሚመዘግብ። በጤና ጣቢያው ግን ጥናቱ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ጫማውን ማስፈታት ይቻላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ሳፋ ውኃና ጥቂት ደቂቃ ነው።