የሟች ቤተሰብን ያሰበ ሕግ

እ.ኤ.አ በ2020 ኮሮና የኒው ዮርክን ኩዊንስና ብሮንክስ ክፉኛ መታ። እዚያ የሚኖሩ ብዙ ስደተኞች ከቤት ሆነው የሚሠሩት ሥራ አልነበራቸውም። የአካባቢው የኮንግረስ ተመራጭ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ከሴናተር ቻክ ሹመር ጋር ሆነው የሙጥኝ ያሉት፣ ሌላው ብዙም ያላሰበውን የቀብር ወጪ ነው። እድር ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ይገባናል፤ ሐዘን ላይ ዕዳ ሲታከል ቤት ያፈርሳል። በዓመቱ ማብቂያ ኮንግረስ ለዚሁ ወጪ 2 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮም ለአንድ ቀብር እስከ 9,000 ዶላር መጠየቅ ተቻለ፤ ቀደም ብለው የሞቱትም አልተዘነጉም። ሟቹ ዜጋ መሆን አይጠበቅበትም ነበር፤ ይህን ከልቤ አደንቃለሁ። አመልካቹ ግን ዜጋ ወይም ሕጉ ብቁ ያለው ስደተኛ መሆን ነበረበት። ይህ ክፍተት ሊታረም ይገባው ነበር።