በዳንቴ ቅኔ ውስጥ ስለ ተጠራው ኢትዮጵያዊ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ቍጥር 42 የንግሥተ አዜብን ነገር ያነሣል። በፍርድ ቀን የምትነሣው ለመመስከር ብቻ አይደለም፤ ልትፋረድ ነው። ከምድር ዳርቻ ጥበብን ፍለጋ የመጣችይቱ፥ በደጃቸው የቆመውን የናቁትን ትረታቸዋለች።

ይህ ኃይለ ቃል በባዕድ ቅኔ ውስጥም ይሰማል። የኢጣልያው ባለቅኔ ዳንቴ አሊጊዬሪ (በኤውሮፓ አቈጣጠር 1265–1321) ሲኦልን፥ የመንጻትን ተራራና ገነትን ዞሮ እንዳየ አድርጎ በ100 ምዕራፍ ደርሷል። ሁለተኛውን ክፍል ቤተ ክርስቲያናችን አታስተምረውምና እንለፈው። በገነት ክፍል፥ በ19ኛው ምዕራፍ፥ የቅኖች ገዦች ነፍሳት በንስር መልክ ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ባለቅኔውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ በኢንዱስ ወንዝ ዳር ተወልዶ፥ የክርስቶስን ስም ሳይሰማ፥ ምግባሩ ቀና ሆኖ የሞተ ሰው በምን ይኰነናል? ንስሩ ስለ ድፍረቱ ከገሠጸው በኋላ፥ ስሙን በአፋቸው የሚደጋግሙ ብዙዎች ካላወቁት ይልቅ በዚያ ቀን እንደሚርቁ፥ በእነዚህም ላይ ኢትዮጵያዊ እንደሚፈርድባቸው ይነግረዋል።

ንባቡ ስሕተት አለበት። ዳንቴ ኢትዮጵያዊ ሲል ወንጌል ያልደረሰው ሰው ማለቱ ነው፤ ነገር ግን ንጉሥ ኢዛና ካመነ ያን ጊዜ ወደ 1000 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ይስሐቅ ከጓደኞቹ ጋር ክብረ ነገሥትን ወደ ግእዝ ሲመልስ፥ የንግሥተ አዜብን ታሪክ ከዚህ ከወንጌሉ ቃል ጋር ያያይዘው ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ አላየም።

እንግዲህ ንባቡ ሲወድቅ ምሥጢሩ ይቆማልን? ዳንቴ ራሱ ኮንቪቪዮ በተባለው መጽሐፉ ለአንድ ንባብ አራት አፈታት ሰጥቶ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ንባቡ ይጽና ይላል። የእኛም ሊቃውንት አንድም ብለው ከመቀጠላቸው በፊት ንባቡን ያቀናሉ። በገዛ ሕጉ ብንመዝነው ጉድለቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ወንጌል ዳኛዋን በድካሟ ይሾማታል፥ ባለቅኔው ግን ዳኛውን በማጣቱ ይሾመዋል። የወንጌሉ ይበልጣል። ኢትዮጵያዊውም ክርስቲያን መሆኑ ሲታወቅ የቅኔው ፍርድ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ወንድም ወንድሙን ይፋረዳልና። ይህን ሰምቶ የሚመካ አንባቢ ቢኖር ግን፥ ንግሥቲቱ የምትፈርደው በአገሯ ስም እንዳይደለ ያስተውል።

የአዲስ አበባው የቂርቆስ ደብር ምእመን ይህን የፍርድ መገልበጥ ከሥዕል ያውቀዋል። የሦስት ዓመቱ ሕፃን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላው ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ ሐምሌ 19 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤል አብሮአቸው አለ። በዚያ ሥዕል ፊት ቆሞ የተፈረደበት መኰንኑ መሆኑን የማያስተውል የለም።

ከዚያው አቅራቢያ ካዛንቺስ አለ። ስሙ የወጣው በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ካሠራው ድርጅት ስም ነው። ከመጡት መካከል የተማሩት ይህን ቅኔ በትምህርት ቤታቸው ተምረውታል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኰሳት ያስረሸኑት አለቆችም በክርስቶስ ስም የሚጠሩ ነበሩ። ዳንቴ እነርሱን አላሰበም፤ ሆኖም ያጠኑትን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባቸው ነበር። ንስሩ ኢትዮጵያዊውን ከጠራ በኋላ የክርስቲያን ነገሥታት በደል የተጻፈበት መጽሐፍ ይገለጣል፤ በመጀመሪያ የሚነበበውም የንጉሥ አልበርት ሥራ ነው፤ የፕራግን መንግሥት ባድማ ማድረጉ።