በሲጋራ ወረቀት የተጻፈው ልቦለድ

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ አንድ የ«ነገም ሌላ ቀን ነው» ልቦለድ ቅጂ አለ። ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ጥጋጥጉ በጣት ወዝ ጠቁሯል። በአንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንባቢዎች ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን በእርሳስ ሰድበዋታል፤ ሌሎች ደግሞ እዚያው ሥር ጥብቅና ቆመውላታል። እኔ ከጠበቆቿ ወገን ነኝ። ጦርነት ያራቆተውን ቤት መልሳ ያቆመች ሴት እኛም አገር ሞልታለች።

ማርጋሬት ሚቼል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ይህን የአሜሪካ ልቦለድ ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ ያውም በደርግ እስር ቤት ሆኖ። መጻፊያ ወረቀት ስላልነበረው ከሲጋራ ፓኮ በሚወጣው ስስ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ 3,000 ያህል ቁራጭ። እስረኞቹ ሲነበብላቸው ያዳምጡ ነበር። ቁራጮቹም በሲጋራ ፓኮ ተደብቀው ከሚፈቱት ሰዎች ጋር ወጡ። ነቢይ ሲፈታ እነዚያን ሰዎች እያፈላለገ ቁራጮቹን ሰበሰበ። ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ለአንድ ልቦለድ ያን ያህል መድፈራቸው ዛሬም ያስደንቀኛል። የትኛውም ሐያሲ ለመጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ሰጥቶ አያውቅም።

ነቢይ ኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። አማርኛው ግን አሁንም ትኩስ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሲጣሉ ጎረቤት የሚጣላ ይመስላል።

መጽሐፉ እንከን አለው። የባሪያ አሳዳሪዎቹን ዓለም ያቆነጃል፤ ጥቁሮቹን ያሳንሳል። ከእርሳስ ጽሑፎቹ አንዱ የሞግዚቷ የማሚ የራሷ ታሪክ የት እንደገባ ይጠይቃል። ጥያቄው ልክ ነው፤ ሚቼልም መልስ የላትም።