የፊልም ዝርዝርና የኦፕቲካል ሥራ፤ አጭር ትችት

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ሰከላ ሄዶ ግሽ ዓባይን ለተመለከተ ሰው ግን ምንጩ ራሱ ዓባይ ነው። በፊልም ሥራም ነገሩ እንዲሁ ነው። ምንጩ በካሜራ ውስጥ ያለፈው ኔጋቲቭ ሲሆን፥ በየሲኒማ ቤቱ የታየው ቅጂ ሁሉ ከእርሱ የተቀዳ ነው። ኔጋቲቩ አንድ ብቻ ስለ ሆነ አንዴ በስሕተት ከተቈረጠ አይመለስም። ስለዚህ ኮምፒዩተር የሚያወጣው የፊልም ዝርዝር ይህን ምንጭ ምን ያህል ይጠብቃል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የተቀረጸው ፊልም ወደ ቪዲዮ ይገለበጥና አቀናባሪው በኮምፒዩተር ላይ ይቈርጣል፥ ይቀጥላል። ሲጨርስ ለኔጋቲቭ ቈራጩ የሚሰጠው «ከዚህ ቍጥር እስከዚህ ቍጥር» የሚል ዝርዝር ነው። ቍጥሮቹ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የታተሙ ናቸው፤ ኮዳክ በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመሣሪያ የሚነበበውን ኪኮድ ጨመረባቸው። አፕል በ2002 ያወጣው ሲኒማ ቱልስም ከፋይናል ከት ፕሮ ጋራ ሆኖ ይህን የመሰለ ዝርዝር ያዘጋጅ ነበር፤ ሽያጩ በ2011 ቆመ።

በቀጥታ ለሚቈረጥ ሥዕል ዝርዝሩ አይታማም። ችግሩ የሚነሣው ኦፕቲካል ሲገባ ነው። አንዱ ሥዕል እየደበዘዘ ሌላው ከውስጡ የሚወጣበትን ዲዞልቭ እንውሰድ። በሴኮንድ 24 ፍሬም ስለሚያልፍ የ2 ሴኮንድ ዲዞልቭ 48 ፍሬም ይፈጃል፤ ቍርጡ በመካከሉ ከዋለ እያንዳንዱ ሥዕል ከቍርጡ ወዲያ 24 ፍሬም ትርፍ ያስፈልገዋል። አቀናባሪው ግን ያ ትርፍ ባለቤት የሌለው ይመስለውና ለሌላ ትዕይንት ያውለዋል። በኮምፒዩተር ይህ ጕዳት የለውም፤ ቅጂ አያልቅምና። በኔጋቲቭ ግን አንድን ማሳ ለሁለት አራሽ እንደ መስጠት ነው፤ ሁለቱም ጥማዳቸውን ነድተው ሲመጡ ጠብ ይነሣል። ስለዚህ የተደጋጋሚ ሥዕሎች ዝርዝር የሚታዩትን ፍሬሞች ብቻ ሳይሆን በዲዞልቩ የተያዙትንና በማጣበቂያው የሚበላሹትን ጭምር ካልቈጠረ፥ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ሰው ተማምኖበት ይቈርጣልና።

ሁለተኛው ጕድለት ዝርዝሩ የሚናገረው ኦፕቲካሉ የት እንደሚጀምርና ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ እንጂ ምን እንደሚመስል አለመሆኑ ነው። የአንድ ጽሑፍ ቅርጽ ወይም የቀለም ለውጥ በቍጥር አይገለጽም። ስለዚህ ዝርዝሩ ለኦፕቲካል ሠራተኛው ሲላክ ማስረጃ የሚሆን ቪዲዮ አብሮት መሄድ አለበት።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ የሚመስለው ካለ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያስታውስ። ይህ ፊልም በ1974 በአገራችን በ16 ሚሊሜትር በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ በ1976 የወጣ፥ ስለ ገበሬ ቤተ ሰብና ስለ ባለርስት የሚተርክ፥ ወደ 150 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። በ16 ሚሊሜትር አንድ ደቂቃ 36 ጫማ፥ አንዱም ጫማ 40 ፍሬም ስለ ሆነ፥ ይህን ያህል ፊልም 5400 ጫማ፥ ማለትም 216000 ፍሬም ይሆናል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሥራ በዐይንና በእጅ ይከናወን ነበር። የገበሬውን ሕይወት በትዕግሥት የሚያሳይ ሥራ እያንዳንዱ ሥዕል የሚቈይበት ጊዜ ትርጕም አለው፤ ጥቂት ፍሬም ሲጐድል የሚጐድለው ይኸው ትርጕም ነው።

ዛሬ አብዛኛው ፊልም በዲጂታል ስለሚሠራ ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚሉ ይኖራሉ። አንቀበላቸውም። የቀድሞ ፊልሞችን የሚያድስ ሰው የትኛው ቍራጭ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይኖርበታል፤ የዲጂታል ሠራተኛም ቢሆን ለልዩ ልዩ የሥዕል ዘዴ ሥራ ተመሳሳይ ዝርዝር ይይዛል። ስለዚህ ፊልም የሚሠሩ ወገኖቻችን ከተጠናቀቀው ፊልም ጋራ ዝርዝሩን፥ ከዝርዝሩም ጋራ የኦፕቲካሉን መግለጫ በጥንቃቄ እንዲያኖሩ ያስፈልጋል። ፊልሙ ሲያረጅ መልሶ የሚያቆመው ይህ ወረቀት ነው።